በአፉ የተደፋው ብርጭቆ

በጋርዜሊዎች ቤት አርቲቾክ ገበታ ላይ እስካለ ድረስ ብርጭቆ ቀና አይልም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱን ግን እዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አርቲቾክ የኮሸሽላ ዘመድ ነው። ቅጠሉን እየነቀሉ ነጭ ሽንኩርት ባለው ዘይት እያጠቀሱ ሲበሉት ደስ ይላል፤ ከዋጡት በኋላ ግን ምላስን ያታልላል። ውሃ እንኳ ስኳር የገባበት ይመስላል። ወይን ከሆነማ አለቀለት፤ የዓመት ልፋት የፈሰሰበት ቀይ ወይን ሳንቲም የላሱ ያህል ብረት ብረት ይላል፣ በላዩ ላይ ደግሞ የማይረባ ጣፋጭነት ይደርባል። ስለዚህ ሳህኑ እስኪነሳና አፍ በዳቦ እስኪጠራ ድረስ የሁሉም ሰው ብርጭቆ በታጠፈ የገበታ ጨርቅ ላይ በአፉ ተደፍቶ ይቆያል።

ማርሴላ ጋርዜሊ ይህን ሕግ የተማረችው ከፊደል በፊት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ሟቹ አያቷ ፊት ብርጭቆዋን ቀና ለማድረግ እጇን ብትዘረጋ፣ አያቷ በማንኪያ እጇን ቸብ አድርገው፣ “አንቺ ጉድ፣ አያትሽን በቁሙ ልትገድይው ነው እንዴ?” ብለዋታል። ገበታው በሙሉ ሲስቅ እሷ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ “ሳታውቅ ነው” የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው።

ጋርዜሊዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ አንድ ኮረብታ ወይን አላቸው። የሚሸጡት አንድ ዓይነት ቀይ ወይን ብቻ ነው፤ ከአራት ዘር ወይን የተቀላቀለ። ወይኑን ማምረት ብዙ ሰው ይችላል። ከየበርሜሉ ምን ያህል ተወስዶ ከምን ጋር እንደሚገናኝ መወሰን ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ እዚያ ቤት ደግሞ ያ ሰው የማርሴላ አባት ኦረስቴ ነበር። በርሜሎቹ የሚያርፉበት የምድር ቤት ጓዳ ቁልፍ፣ ቡሽ ታስሮበት፣ ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም። ሲተኛም ራስጌው ነው የሚያስቀምጠው እያለች ሚስቱ ዴልፊና ትቀልድበታለች።

ማርሴላ ወይን ጠመቃ ተምራ፣ በሰው ጓዳ ሠርታ፣ አገር ዞራ የተመለሰች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። በየክረምቱ አባትና ልጅ ጓዳ ይወርዳሉ። ከየበርሜሉ በመስታወት ቱቦ እየሳቡ፣ በትናንሽ ጠርሙስ እያቀላቀሉ፣ እየቀመሱ፣ እየተፉ ይጨቃጨቃሉ። የአባቷ ቅልቅል ለስላሳ ነው፤ ሲለበስ የኖረ ጃኬት ትከሻ ላይ እንደሚቀመጠው አፍ ላይ ይቀመጣል። የእሷ ጠንከር ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቁንዶ በርበሬ ቢጤ ጣል ያደርጋል፣ ምግብ ያሰኛል። ኦረስቴ የእሷን ቀምሶ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው።

“ጎበዝ ነሽ። ግን ገና ነው።”

ይህች “ገና” የምትባል ቃል ማርሴላን እንደ እሾህ ወጋቻት። ያለፈው ክረምት ደሟ ፈላና፣ “ስንት ዓመት ሲሆነኝ ነው የሚደርሰው፣ ባቦ? ስሞት?” ብላ ጮኸችበት። በዚያ ቤት አባት “ባቦ” ነው የሚባለው፤ ጠብም ቢኖር ስሙ አይቀየርም። ኦረስቴም ጮኸ። ጩኸቱ ወጥ ቤት ድረስ ሲሰማ ዴልፊና መጥበሻዋን እንደያዘች ጓዳ ወረደች።

“ሁለታችሁም ዝም በሉ! ሦስተኛ ሰው ይቅመሰው። ሴትዮዋ ትምጣ። የመረጠችው ወይን ባለቤት ከመጪው መከር ጀምሮ ይቀላቅል፤ የቀረው ደግሞ አፉን ዘግቶ በርሜል ይጠብ። እኔ ሰልችቶኛል!”

“ሴትዮዋ” የተባለችው ፕሪሲላ ኦኩዳ ናት፤ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ስመ ጥር ምግብ ቤት ያላት፣ ለገበታዋ የሚሆን አንድ ቀይ ወይን ስታፈላልግ የከረመች። አባትና ልጅ ተያዩ። ኦረስቴ እጁን ዘረጋ፣ ማርሴላ ጨበጠችው። ሁለቱም ወይኖች ከአንድ ምግብ ጋር፣ በወረቀት ከረጢት ተሸፍነው እንዲቀርቡ፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ሁለቱ ጠማቂዎች ብርጭቆአቸውን ሳያቀኑ እንዲጠብቁ ተስማሙ። የሚጠጣ ሰው ፊቱ ያሳብቃላ።

“ምግቡ ምን ይሁን?” አለች ዴልፊና።

“የበግ ጭን” አለ ኦረስቴ። “በጥብስ ቅጠል፣ በወይን ሐረግ ፍም ላይ።”

ማርሴላን ገረማት። የአባቷ ወይን የሚወደው እናቷ በቲማቲም የምትሠራውን ጥንቸል ነበር፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በፍም የተጠበሰ በግ የሚፈልገው ጠንከር ያለ ወይን ነው። የእሷን ዓይነት። ሽማግሌው ዘንግቷል ወይም ንቆኛል ብላ አሰበች። ያም ሆነ ይህ ትንፍሽ አላለችም። ዝምታዋ ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል።

ቀኑ እሁድ ነበር፣ ጸደይ። ገበታው ደጅ፣ ከዋልነት ዛፉ ሥር ተዘርግቷል። ማርሴላ አባቷ ማለዳ ከፍቶ የተወው ጓዳ ገብታ ሁለቱን ጠርሙሶች በከረጢት አለበሰች። የአባቷን አንድ፣ የራሷን ሁለት ብላ ጻፈችባቸውና ግድግዳው ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቆመቻቸው። “የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእኔ እንኳ እንዳትነግሪኝ” ብሎ ነበር አባቷ። ዴልፊና ወቅቱ ነውና አርቲቾክ ሠርታለች። ብርጭቆዎቹ አራቱም በታጠፈ ጨርቅ ላይ ተደፍተዋል።

ፕሪሲላ ኦኩዳ ስልሳውን ያለፈች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። መንገድ ተዘጋግቶባት አርፍዳ ደረሰች። ኦረስቴ ከቤቱ ጀርባ ፍሙ ላይ ነበር፤ ጭሱ እንጂ እሱ አይታይም። እንግዳዋ እንደተቀመጠች አርቲቾኩን ማጥቀስ ጀመረች።

“ይሄን ማን ነው የሠራው? ወይ ጣቴን!”

“እኔ ነኝ፣ ይብሉ” አለች ዴልፊና ደስ ብሏት። “ዳቦው ከምድጃ ሊወጣ ነው፣ መጣሁ።” ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ማርሴላና እንግዳዋ ብቻቸውን ቀሩ። ፕሪሲላ ወዲያ ወዲህ አየችና ግድግዳው ሥር ያሉትን ከረጢቶች በአገጯ አመለከተች።

“እዚህ ቤት ወይን የሚታይ ብቻ ነው እንዴ? ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ልጄ።”

ማርሴላ መልሱን ታውቀዋለች። “ትንሽ ይታገሡ፣ ከአርቲቾክ ጋር አይሆንም” ማለት ብቻ ነው። ሴትየዋም “እውነትሽን ነው” ብላ ውሃዋን ትጠጣለች። ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ፕሪሲላ ግን ብርጭቆዋን ራሷ ቀና አድርጋ ዘረጋችላት።

“አንዷን አቅምሺኝ። የትኛዋም ትሁን።”

የትኛዋም ትሁን። ማርሴላ ተነስታ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ሄደች። ሁለት ከረጢት፣ አንድ እጅ። የራሷን ብትቀዳ ኖሮ ጉዳቱ ቢያንስ በራሷ ላይ ነው። ምንም ባትቀዳ ደግሞ እሰየው። እጇ ግን አንድ ቁጥርን አነሳች። በኋላ ነገሩን ስታስበው “እጄ ነው የሄደው” ብትል ደስ ይላት ነበር፤ እጅ ግን ብቻውን አይሄድም። በዚያች ቅጽበት “ገና ነው” የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። እስቲ አሁን ማን ገና እንደሆነ እናያለን ብላለች በልቧ። ቀዳች።

ፕሪሲላ ጎንጨት አለች። ቅንድቧ ተነሳ።

“ውይ” አለች እየሳቀች። “ብረት ብረት ይላል። ደግሞ ጣፈጠኝ። የማን ናት?”

“መናገር ክልክል ነው” አለች ማርሴላ። ፈገግም አለች። ከዚያ ቀን ጉድ ሁሉ ኋላ ላይ አንገቷን የሚያስደፋት ያቺ ፈገግታ ናት፤ ወይን መቅዳቱስ የብስጭት ነው፣ ፈገግታውን ምን አመጣው?

ዴልፊና ትኩስ ዳቦ በቅርጫት ይዛ ወጣች። ቀና ያለውን ብርጭቆ አየች፣ አርቲቾኩን አየች፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ማርሴላ...”

“ጠይቀውኝ ነው፣ ማማ።”

“ጠምቶኝ ነው፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳት” አለች እንግዳዋ። ዴልፊና ዳቦውን አስቀመጠች። በሰው ፊት ምን ትበል? ልጄ ሸፍጥ ሠርታለች ትበል? ተቀመጠችና የገበታውን ጨርቅ ጫፍ ታስተካክል ጀመር፤ ጨርቁ ምንም አልሆነም ነበር።

ወዲያው ኦረስቴ የበጉን ጭን በጣውላ ላይ ተሸክሞ ከቤቱ ጀርባ ብቅ አለ። ፊቱ ከእሳቱ ቀልቷል። “እንኳን ደህና መጡ!” ብሎ ሊቀጥል ሲል ዓይኑ በእንግዳዋ ሳህንና ብርጭቆ ላይ አረፈ። የማን ወይን እንደተቀዳ ለማወቅ ከረጢቱን ማየት አላስፈለገውም፤ የልጁን ፊት አየ። ማርሴላ ጆሮዋ ጋለ። ይጮሃል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ በወደደች፤ ለጩኸት መልስ አላት።

ኦረስቴ ጣውላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

“ዳቦ ይቅመሱ” አለ ለእንግዳዋ፣ ለዘብ ባለ ድምፅ። “ዳቦ አፍ ያጠራል። ከዚያ በጉን።”

ሳህኑን ራሱ አነሳው። አርቲቾኩን ይዞ እስከ ወጥ ቤቱ በር ሄዶ አስቀምጦት ተመለሰ።

በጉ ተቆረጠ። ለእንግዳዋ በሌላ ብርጭቆ ሁለት ቁጥር ተቀዳ። ፕሪሲላ ከበጉ ጎረሰች፣ ከወይኑ ጎነጨች፣ ደግማ ጎነጨች። ቢላዋዋን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ማርሴላ ያን ፊት ስታልመው የኖረችው ነው፤ ባዕድ ሰው የእሷን ወይን አፉ ውስጥ ይዞ ዝም ሲል ማየት። አሁን ሲመጣ ግን ደስታው ሆዷ ድረስ አልወረደም። ጨው ላምጣ ብላ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ጨው ገበታው ላይ ነበር። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ቀዝቃዛ ውሃ አንገቷ ላይ አፈሰሰች። ሂጂና ንገሪያቸው አለች ለራሷ። ሌላ ጨው ይዛ ተመለሰች።

“እንግዲህ” አለች ፕሪሲላ ሥጋዋን ስትጨርስ፣ “ጠባችሁን ሰምቻለሁ። ሁለት ቁጥር ናት። ገበታዬ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት።”

ኦረስቴ ሁለት ቁጥርን አነሳና ከረጢቱን ቀደደው። ጠርሙሱ ላይ የልጁን የእጅ ጽሑፍ አይቶ ሳቀ። የእውነት ሳቅ ነበር፤ ይህ ነው የከፋው።

“የልጄ ናት!” ብሎ ግንባሯን ሳማት። ጢሙ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ከዚያ ብርጭቆውን አቀናና ቀዳ፣ ከበጉ ጎርሶ ጠጣ።

“ጥሩ ነው” አለ። “በጣም ጥሩ ነው።”

አላለም “ገና”። ማርሴላ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ሲመጣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት መረጠች።

“ብርጭቆሽን አቅኚ እንጂ” አላት። “ዛሬ ያንቺ ቀን ነው።”

“ራሴን አሞኛል፣ ባቦ። ኋላ እጠጣለሁ።”

“ትንሽ።”

“ተወኝ፣ ኋላ።”

ኦረስቴ በገበታው ማዶ እጁን ወደተደፋው ብርጭቆዋ ሰደደ። ሊያቀናላት ይሆን፣ ሌላ ነገር ይሆን አላወቀችም። እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወደ ዳቦው ዞረ። ቆርሶ ግን አልበላውም፤ ሲያፍተለትለው ዋለ።

እንግዳዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሰናበተች። አርቲቾኩን እያመሰገነች፣ የማርሴላን ትከሻ እየመታች፣ “አባትሽ ሲስቁ አየሽ? እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል!” ብላ መኪናዋን አስነሳች። ኦረስቴ ፍሙን ላጥፋ ብሎ ወደ ጀርባ ዞረ። እናትና ልጅ ገበታውን ማንሳት ጀመሩ፤ ዴልፊና ሳህን፣ ማርሴላ ብርጭቆ።

ገበታው ላይ ተደፍቶ የቀረው የእሷ ብቻ ነበር። አነሳችው። ከሥሩ የታጠፈውን ጨርቅ ልታራግፍ ብትስበው የሆነ ነገር ወድቆ ጣውላው ላይ ኳ አለ። ቡሽ የታሰረበት ቁልፍ። የጓዳው።

ማርሴላ መጀመሪያ አልገባትም። ረስቶት ነው ብላ አሰበች። ግን ያን ቁልፍ ያ ሰው ይረሳል?

“ማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?”

ዴልፊና ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። “አላገኘሽውም ነበር?” አለች። “ጠዋት ነው ያስቀመጠው። ገበታውን ስዘረጋ መጥቶ፣ ጨርቅሽን ገልጦ አስቀመጠልሽ። ብርጭቆዋን ስታቀና ታገኘዋለች አለኝ። ሲስቅ ብታይው፣ ሕፃን ነው የሚመስለው።”

“ጠዋት?” አለች ማርሴላ። “ሴትዮዋ ሳትመጣ?”

“ሳትመጣ ነዋ! ባለፈው እሁድ አንቺ ከተማ ስትሄጂ ሁለቱን ወይን ይዞ የበግ ጥብስ አሠርቶኝ ቀመሰ። እየደጋገመ። ከዚያ፣ ‘የሷ ይበልጣል’ አለኝ። ‘ታዲያ ንገራት!’ ብለው፣ ‘አይሆንም፣ እኔ የሰጠኋት እንዳይመስላት። ሰው ፊት ራሷ ታሸንፍ’ አለ። ‘ሴትዮዋ የእኔን ብትመርጥስ’ እያለ ሲጨነቅ ነበር የሰነበተው። ‘ያኔም ቁልፉ የሷ ነው’ አለኝ። በጉንስ ለማን ብሎ የመረጠ መሰለሽ?”

ማርሴላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ቁልፉ መዳፏ ላይ ነው። ስትቀዳም እዚያው ነበር። ስትፈግግም። ያን ሁሉ ስታደርግ፣ ከራሷ ብርጭቆ ሥር፣ ክንዷ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ሲጠብቃት ነበር።

“አይተሻል አይደል፣ ማማ?” አለች ቀስ ብላ። “ስቀዳ ባይሆንም፣ ከቀዳሁ በኋላ።”

“ዓይን አለኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንቺ ለምን ቀዳሽ?” አለች ዴልፊና። ሳህኖቿን ይዛ ገባች።

ኦረስቴ ፍሙ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነበር። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፍኖታል። ማርሴላ ከኋላው ቆመች። ምን ብላ እንደምትጀምር ስታውጠነጥን መጣች፤ ደርሳ ስታየው ያውጠነጠነችው ሁሉ ጠፋባት።

“ባቦ፣ አውቄ ነው የቀዳሁት።”

ኦረስቴ አልዞረም። ውሃው አልቋል፤ ባዶውን ባልዲ እንደያዘ ቆየ።

“አውቀሽ ነው?” አለ። “እኔ ደግሞ ደንግጣ ነው፣ እንግዳ ብርቅ ሆኖባት ረስታ ነው እያልኩ ራሴን ላሳምን ስደክም ዋልኩ። ይቺንም ማጽናኛ ልትነጥቂኝ ነው እንዴ?”

“ይቅርታ አድርግልኝ።” ቁልፉን ዘረጋችለት። “ተናድጄ... ‘ገና’ ስትለኝ... አይ፣ ምክንያት የለኝም። አፈርኩ፣ ባቦ። እንካ፣ ቁልፉን ውሰደው።”

ያኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱም ሊሆን ይችላል። የተዘረጋውን ቁልፍ አየና እጁን ኪሱ ከተተ።

“አልወስድም። ቁልፉን የሰጠሁት ለምላስሽ ነው። ምላስሽ ምንም አልሆነም።” ከዚያ ጨመረ። “ለሴትዮዋ ግን ትነግሪያታለሽ። በራስሽ አፍ። ወይኑን እተወዋለሁ ብትል ትተወው።”

“እነግራታለሁ።”

“እንግዲህ ግቢ፣ ይበርድሻል” አላት፤ ልጅ ሳለች እንደሚላት። ያ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆነባትና እየሮጠች ገባች።

በማግስቱ ማለዳ ደወለች። አሁን ሁሉንም እንደምታጣ እርግጠኛ ናት። ማጣቱንም ፈልጋዋለች፤ ብታጣው ትንሽ ይቀልላት ነበር። አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ የአባቷን ወይን እያወቀች ከአርቲቾክ ጋር እንደቀዳች፣ ፈገግ እንዳለችም ጭምር። ከማዶ ያ ከሩቅ የሚሰማ ሳቅ መጣ።

“ልጄ፣ ምግብ ቤት ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። አርቲቾክ ወይን ምን እንደሚያደርግ የማላውቅ መስሎሻል? ጠምቶኝ ነው የጠየቅሁሽ፣ ልፈርድ አይደለም። አንቺ ጨው ልታመጪ ስትገቢ አንድ ቁጥርን ከበጉ ጋር እንደገና ቀምሻታለሁ። ደስ የምትል ወይን ናት። ያንቺ ትበልጣለች። ነገሩ ይሄው ነው።”

ማርሴላ ያለዚያ ሸፍጥም ታሸንፍ ነበር። አባቷ ያውቅ ነበር፣ ሴትየዋ ታውቅ ነበር። በሥራዋ ያላመነች እሷ ብቻ ነበረች።

“አባትሽ ያውቃሉ?” አለች ፕሪሲላ ሳቋን አቁማ።

“ያውቃል።”

“ምን አሉሽ?”

“ቁልፉን አልወስድም አለኝ።”

“እም” አለች ሴትየዋ። ስለ መከሩ ጥቂት አውርተው ተሰነባበቱ።

ሳምንቱን ማርሴላ ጓዳውን እየከፈተች ገባች። ኦረስቴ በሩ ላይ ቆሞ እስክትከፍትለት ይጠብቃል፤ ገብቶ በርሜል ያጥባል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ይቀልዳልም። ቂም የያዘ ሰው አይመስልም። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ “ከዚህኛው በርሜል ትንሽ ብትጨምሪበት ምን ይመስልሻል?” ብሎ ጠየቃት። ድሮ ያዝዝ እንጂ አይጠይቅም ነበር። ምናልባት አለፈ ብላ ማሰብ ጀመረች።

እሁድ ደረሰ። አርቲቾኩ ገና ወቅቱ አላለፈም፤ ዴልፊና ሠራችው። እንግዳ የለም፣ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማርሴላ ራሷ ገበታውን ዘረጋች፤ ሦስት ጨርቅ አጠፈች፣ ሦስት ብርጭቆ ደፋች። ኦረስቴ እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን እያወረደ መጣ። ስለ ጎረቤቱ ትራክተር የሆነ ነገር እያወራ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን ቅጠል ነቀለ።

ከማጥቀሱ በፊት ዓይኑ ገበታውን ተሻግሮ ብርጭቆዋ ላይ አረፈ። ለአፍታ ነው፤ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም፣ ዴልፊናም አላየችም። መደፋቱን አየና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ማርሴላ ግን አየችው። በዚያ ገበታ ላይ ስንትና ስንት ጸደይ አብረው ተቀምጠዋል፤ አባቷ የእሷን ብርጭቆ ለማረጋገጥ አይቶ አያውቅም ነበር።